ሚዛንን ከጊፋታ በፊት ማግኘት አለብኝ

ሰኞ

አፍሬአለሁ፤ በጣም። ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር። ግን ስንት ዓመት ለመጽሔት ስጽፍ ኖሬ አንባቢ የሌለው ነገር መጻፍ አልሆንልሽ ብሎኛል። ስለዚህ በገዛ ማስታወሻዬ ላይም «እናንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው። በሉ ጠጋ በሉ።

ቅዳሜ ማታ ሰፈራችንን በሙሉ ከቤት አስወጥቼ ሰማይ አስጠብቄአለሁ። በመጽሔታችን የቴሌግራም ቻናል ላይ «የጨረቃ ግርዶሽ ዛሬ ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ያ አልበቃ ብሎኝ በየአጥሩ እየዞርኩ ሰው ጠራሁ። ባለቤቴ ታምራት ወንበር አወጣ። ጎረቤቴ እትዬ አማረች ጋቢዋን ተከናንባ፣ ቆሎ ይዛ መጣች። ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህሬ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጳውሎስም ከማዶ ተሻግረው አጠገቤ ተቀመጡ። ጠበቅን። ጨረቃዋ ሙሉ ሆና ፏ ብላለች። ምንም የሚጋርዳት የለም። አንገታችን ደነዘዘ።

«ሩት፣ ጨረቃው እምቢ አለ እንዴ?» አለችኝ እትዬ አማረች። ልጆቹ ሳቁ። ብርዱ ሲበረታ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ግርዶሹ የመጣው ሁላችንም ከተኛን በኋላ ነው።

ጥፋቴ ገብቷችኋል። የውጭው ዜና ሰዓቱን የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእነሱ የሌሊት 2 የእኛ የሌሊት 8 ነው። ስድስቱን ሰዓት ሳልጨምር እንዳለ ቀዳሁት።

ይሁን፤ ሰው ይሳሳታል። ያንገበገበኝ «ሚዛን» ነው።

ሚዛን ማነው? አላውቀውም። ፎቶም ስምም የለውም፤ የገበያ ሚዛን ሥዕል ብቻ ለጥፏል። ከፋሲካ ወዲህ ጽሑፎቼ ሥር እየተቀመጠ ያርመኛል። ቅዳሜ ገና ሰማይ እያየን ሳለን «እየጠበቃችሁ ነው? ጋቢ ደርቡ» ብሎ ጻፈ። ጠዋት ደግሞ ይኸውላችሁ፦ «እህታችን ሰዓቷን ማስተካከል ረስታለች። ጨረቃዋ ግን አልረሳችም፤ በሰዓቷ መጥታ ሄዳለች። የጠበቃችሁ ሁሉ አንገታችሁን በቅቤ እሹት።» ከሥሩ የሳቀውን ሰው ብታዩ። የኔን ጽሑፍ ያን ያህል ሰው አንብቦት አያውቅም።

እስካሁን የያዝኩበት ይህ ነው፦
ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ስጽፍ «መጀመሪያ የእኛን ዳገት ይውጣና ንገሪን» ያለው። (ልክ ነበር። ቢሆንም።)
ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስጽፍ «እህታችን ከማሽኑ ጋር ተዋውቃለች፤ ማሽኑ ግን አላውቃትም ብሏል» ያለው።
«እህታችን» ማለቱ ራሱ።

የፊታችን እሑድ ጊፋታ ነው። እኛ ወላይታዎች ቂም ይዘን ወደ አዲስ ዓመት አንሻገርም። በሰፈራችን ቅዳሜ ማታ የተጣላ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይታረቃል። ስለዚህ የመበቀያ ጊዜዬ እስከ ቅዳሜ ነው። ከዚያ በኋላ ይቅር ማለት ግዴታ ይሆንብኛል።

ማክሰኞ

አዘጋጃችን ሰብለ ከአዲስ አበባ ደወለች። ሰብለ «ሩትዬ» ብላ ስትጀምር ክፉ ወሬ አላት ማለት ነው።

«ሩትዬ፣ ሚዛን የሚባለውን ሰውዬ አየሽው?»

«አየሁት።»

«ይጽፋል እኮ። አንባቢ አሁን የሚመጣው ካንቺ ጽሑፍ ሥር እሱ ያለውን ሊያነብ ነው። የሳይንስና የቴክኖሎጂ ገጹን ብሰጠው ብዬ በውስጥ መስመር ጽፌለታለሁ። እስከ ሰኞ አስብበታለሁ ብሏል። አንቺ የትዳር ምክር ብትጽፊስ?»

የትዳር ምክር። እኔ። ታምራት ይህን ሲሰማ ሻዩ ትን አለው።

ገጹ የኔ ነው። ስልክ ለምን እንደሚሞቅ፣ ሮኬት ለምን ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ፣ ለእናቴና ለእናቴ መሰል ሰው እንዲገባ አድርጌ እንደ ጎረቤት ወሬ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ያለ ገጹ በዚህች ከተማ የታምራት ሚስት ነኝ፤ ከገጹ ጋር ሩት ነኝ። ይህን ለሰብለ አልነገርኳትም። «እሺ» ብዬ ዘጋሁ።

አሁን ለእናንተ ብቻ የምነግራችሁ። ቻናላችን ላይ «ዳጣ» የሚባል አስተያየት ሰጪ አለ። አረንጓዴ ቃሪያ ሥዕል ያለው፣ እንደ ስሙ የሚያቃጥል። እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ነው የከፈትኩት። ሥራው ሚዛንን መለብለብና የሩትን ጽሑፍ ማድነቅ ነው። ዛሬ ሙሉ ቀን ሲሠራ ዋለ። ሚዛንን «አንተን ያስተማረህ ሰው ምን ያህል ያፍርብህ ይሆን?» አለው። ሚዛን ወዲያው መለሰ፦ «ያስተማረኝ ሰው ሞቷል። ከዚህ በላይ አታስቸግረው።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅኩ፤ ያ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ንዴቴን ያገኘሁት ላይ ተወጣሁት። «የእናት ልብ» የምትባል አንዲት ሴት የኔትወርክ ማማ ከተተከለ ወዲህ ላሟ ወተት አቋረጠች፣ ግንኙነት ይኖረው ይሆን ብላ ጠይቃለች። ዳጣ «ላምሽ ስልክ ታወራለች ወይ? ጥሪውን ዝጊባት» አላት። ሳቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ ሆነ። ጣፈጠኝ።

ረቡዕ

ትልቅ ድል።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። እንደ ጠጠር ነው ቆርቆሮውን የሚደበድበው። መብራት ሄደ። እኔ በቀረችኝ ባትሪ ከሚዛን ጋር ስለ ሳተላይት ኢንተርኔት እየተከራከርኩ ነበር። በመሃል እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ይቆየን። እዚህ መብራት ሄዷል፣ በረዶውም ጣሪያ ሊበሳ ነው። የቀረውን ስህተትሽን መብራት ሲመጣ።»

እዚህ። በረዶ። መብራት።

ጃንጥላ ይዤ አስፋልቱ ድረስ ወረድኩ። ከአረካ ከመጣ ሚኒባስ የሚወርዱትን ጠየቅኳቸው፤ እነሱ ጋ ፀሐይ ነበር። ከተበላ ከተማ የመጣችው ቅቤ ነጋዴም እዚያ ጠብ አላለም አለች። በረዶው የወረደው እኛ ከተማ፣ ሶዶ ላይ ብቻ ነው።

ሚዛን እዚሁ ነው። ከእኔ ጋር አንድ አየር ይተነፍሳል፤ ምናልባት ከአንድ ሱቅ ዳቦ እንገዛለን። «አዲስ አበባ የተቀመጠ አንድ ሥራ ፈት» እያልኩ ስረግመው ኖሬአለሁ።

የምጠረጥራቸው፦
ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የደሴው ልጅ። ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ሰው ያርማል።
ኦቶና ሰፈር የሚኖረው ሐኪም። ጸጥተኛ ነው። ጸጥተኛ ሰው ያስፈራል።
የታምራት አለቃ። (ታምራት «እሱ ስልኩን ራሱ የሚያስከፍተው በእኛ ነው» አለ። ይሰረዝ።)

የደሴውን ልጅ ማታ ዳቦ ቤት አገኘሁትና ድንገት «ሚዛን» አልኩት። «ሚዛኑማ ልክ አይደለም፣ ዳቦው ቀሎብኛል» አለኝ። እሱም ይሰረዝ።

ሐሙስ

ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ጠዋት ስለ አንድ አዲስ የመኪና ባትሪ ጻፍኩ። በችኮላ «አንዴ ከተሞላ አምስት መቶ ይሄዳል» ብዬ ተውኩት። ሚዛን መጣ። እንዳለ ልገልብጠው፦

«አምስት መቶ ምን? ሜትር? ኪሎ ሜትር? ድንች? ዩኒት የሌለው ቁጥር ጅራት የሌላት ላም ናት። ዝንቧን በምን ታባርራለች?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሮጬ አሥረኛ ክፍል ገባሁ ማለት ይቀላል፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ። ጋሽ ጳውሎስ ፈተና ሲያርሙ ዩኒት የረሳ ተማሪ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጅራት የሌላት ላም ይሥሉ ነበር። ሌላ ቃል አይጽፉም፤ ላሟን ብቻ። የኔ ወረቀት በረት ይመስል ነበር። ወረቀቱን ሲመልሱም «ሩት፣ ዝንቧን በምን ታባርራለች?» ይሉኛል፣ ክፍሉ በሙሉ እየሰማ።

በዓለም ላይ ይህን የሚል ሰው አንድ ነው። የሚኖረውም ከቤቴ ማዶ ነው።

ቅዳሜ ማታ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር እኮ። እኔ «ትንሽ እንጠብቅ» ስል እሳቸው «እንጠብቅ እንጂ» ይሉ ነበር። ስልካቸውን በጋቢያቸው ሥር ሲነካኩ አይቼ ጥቅስ እያነበቡ ነው ብዬ ነበር። «ጋቢ ደርቡ» የሚለውን እየጻፉ ነው ለካ። ጋቢ ደርበው።

ሚዛንን «አንተ» ማለት ለምጄአለሁ። አሁን ስናደድ ምን ልበል? «እርስዎ ምን ዓይነት ሰው ነዎት» የሚል ቁጣ አይወጣም። ይህም በሒሳባቸው ይያዝ።

የበቀል ሐሳቦች፦
ያሉትን ሁሉ ፎቶ አንስቼ ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ። (መጋቢው ያዝናሉ። አይሆንም።)
ለሚስታቸው መንገር። (ሚስታቸው ያመሰግኑኛል እንጂ አያዝኑም። ቀላል ቅጣት ነው።)
ቅዳሜ። እርቁ ላይ።

ሦስተኛው ሲመጣልኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ዘንድሮም የሰፈራችንን እርቅ የሚመሩት ጋሽ ጳውሎስ ናቸው። እያንዳንዱን «በልብህ የያዝከው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔም «አለ» እላለሁ። ስልኬን አወጣለሁ። ጨረቃውን፣ መኪናውን፣ ላሟን አንድ በአንድ አነባለሁ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» እላለሁ። ሽማግሌ በእርቅ ላይ አይዋሽም።

ዓርብ

ሁኔታውን ልሰልል ብዬ ጋሽ ጳውሎስ ጋ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ የተፈታታ ሬዲዮ ፊታቸው ዘርግተው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስሙን የማላውቀው ሰው በስልክ ይሰድበኛል። ስም ከሌለው ሰው ጋር እርቅ አለ?»

ጠመንጃውን፣ ማለቴ መፍቻውን፣ አስቀመጡ። (ምን ያህል ለጦርነት እንደተዘጋጀሁ ይኸው።)

«ስድብ ነው ወይስ እርማት?»

«በሰው ፊት ከሆነ እርማትም ስድብ ነው ጋሼ።»

«ክፍል ውስጥም በሰው ፊት ነበር።»

«ክፍል ውስጥ ሌላው ልጅም ይታረም ነበር። አሁን እኔ ብቻ ነኝ።»

አንዲት ብሎን አንስተው ከዓይናቸው አስጠግተው አዩአት። ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር የለም። ይህን ፊት ፈተና ሲያድሉም ይዘውት ይመጡ ነበር።

«ነገ አምጪው» አሉኝ።

አመጣዋለሁ። መንገዱን ስሻገር እንደ ልጅ እየዘለልኩ ነበር። ማታ ቅቤ እያቀለጥኩ ዘፈንኩ። ታምራት «ደስታሽ አልጣመኝም» አለ።

ቅዳሜ

እንደዚያ አልሆነም።

ከጀንበር መጥለቅ በፊት ጋሽ ጳውሎስ ግቢ፣ አቮካዶው ሥር ተሰበሰብን። ለቅርጫ የተገዛው በሬ ጥግ ላይ ታስሮ ያመነዥካል። መጀመሪያ በውሃ ቦይ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ለምለም ሣር ይዘው ተሳሳሙ። ቀላል ነበር። እኔ ስልኬን ይዣለሁ፤ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል አድርጌአቸዋለሁ። ተራው ወደኔ ሲደርስ እትዬ አማረች ቀድማኝ ተነሣች።

«እኔ በልቤ የያዝኩት ሰው አለ። ቤቱን አላውቅም፣ መልኩን አላውቅም። ስሙ ዳጣ ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«አትሳቁ» አለች። «ተበላ በሚኖረው ወንድሜ ቤት ያለች ላሜ ወተት አቆመች። የስልክ ማማ የተተከለ ሰሞን ነው። በእሱ ነው አላልኩም። በእሱ ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሰፈር ውስጥ ብጠይቅ አላዋቂ ይሉኛል፣ እዚያ ግን የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ። ላምሽ ስልክ ታወራለች ወይ አለኝ። አገር ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልጠየቅኩም።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «የእናት ልብ» እሷ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ባዶ ሰማይ ሳስጠብቃት ቆሎ ይዛልኝ የመጣችው።

ጋሽ ጳውሎስ አማረችን አላዩም። እኔን ነው ያዩት። ያውቃሉ። እንዴት እንዳወቁ እንጃ፤ ብቻ ያውቃሉ። እኔ ሚዛንን ካወጣሁ እሳቸው ዳጣን ያወጣሉ። ቢያወጡም ሐሰት አይሆንም።

«ሩትስ? በልብሽ የያዝሽው አለ?»

የለም ብል ዋሸሁ። አለ ብል ጠፋሁ። ስልኩ እጄ ላይ ጋለ።

«አለ ጋሼ። ግን ገና አልጨረስኩም።»

በሰፈራችን «አልጨረስኩም» ያለ ሰው ካለ ሽማግሌው በጊፋታ ጠዋት ቤቱ ድረስ መሄድ አለበት። እስከዚያ ሥጋው አይከፋፈልም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ በሬውን አየ። ታምራት በክርኑ ነካ አደረገኝና «ሩት፣ ሥጋው እኮ» አለ በሹክሹክታ።

እሑድ፣ ጊፋታ

ገና በማለዳ መጡ። ምርኩዝ ይዘዋል፣ ስልክ አልያዙም። ታምራት ነገሩን ባያውቅም ከብቶቹን ልይ ብሎ ወጣ። ከብት የለንም።

«ሚዛን እርስዎ ነዎት» አልኳቸው ገና ሳይቀመጡ።

«ነኝ። ዳጣ አንቺ ነሽ።»

«በምን አወቁ?»

«ዳጣ ከሰው ሁሉ ሩትን ብቻ ያደንቃል። እንዲህ አድርጎ ሩትን የሚወድ ሰው አንድ ብቻ ነው። ታምራትም ቢሆን ያን ያህል አይወድሽም።»

ልስቅ ስል ከንፈሬን ነከስኩ። ዛሬ አይሳቅም።

«ለምን ጋሼ? አጥር ላይ ጠርተው ቢነግሩኝስ?»

«ስለ ማይክሮዌቭ ልትጽፊ ስትዪ ስህተትሽን አጥር ላይ ነግሬሽ ነበር። ‹እሺ ጋሼ› ብለሽ ሳታርሚ እንደነበረ አወጣሽው።»

እውነት ነው። ረስቼው ነበር።

«ደግሞም» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ «ሰው ይስቃል። ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን በቀልዴ የሳቀ ተማሪ የለም። ላም ስሥል እንኳ ታለቅሱ ነበር። አሁን እጽፋለሁ፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ ይስቃል። ይጣፍጣል ሩት።»

ይጣፍጣል። እኔም ማክሰኞ ይህንኑ ቃል ነው የጻፍኩት። ግን አልነገርኳቸውም፤ ለምን ደስ ይበላቸው?

ፍርዴን ነገርኳቸው። አንደኛ፣ በእውነተኛ ስማቸው ቻናሉ ላይ ወጥተው «ሚዛን እኔ ነኝ፣ ሩትን አዋርጄአታለሁ» ይላሉ። ሁለተኛ፣ የሰብለን ገጽ እንቢ ይላሉ።

«አደርጋለሁ» አሉ። «መጀመሪያ አንቺ አማረች ቤት ሂጂ።»

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«አንቺ ቅደሚ። አንቺ ሲቀለድብሽ መልስ መስጠት ትችያለሽ፣ ጉልበት አለሽ። አማረች ያላት ጥያቄዋ ብቻ ነበር፤ እሱንም ተውኩት አለች።»

«የበደሉኝ እርስዎ ነዎት፣ የሚያስታርቁኝም እርስዎ ነዎት፣ አሁን ደግሞ ይፈርዱብኛል?»

«ልክ ነሽ» አሉ። «መጥፎ አደረጃጀት ነው።» እና አልተነሡም።

ውጭ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቢላ ሲሳል ይሰማኛል። ለሥጋው ስል ብቻ እጃቸውን ጨበጥኩ፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካካን፣ በሬውም ተከፋፈለ። ይህ እርቅ አይደለም። ቅርጫ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ «ዮ ዮ ጊፋታ» እያሉ እየዘፈኑ መጥተው ወሰዱኝ። እትዬ አማረች ቆጮ በቅቤ አጎረሰችኝ። ጉርሻዋ ትልቅ ነው፣ መናገር አያስችልም። ጥሩ ሰበብ ሆነኝ።

ሰኞ

ሰብለ ደወለች። ያለ «ሩትዬ» ነው የጀመረችው።

«ሰውዬው አንድ ቀን ጨምሪልኝ አለኝ። ምን እንዳለ ላንብብልሽ? ‹ገጹን የምወስደው አንዲት ሴት አንድ ቤት ሳትሄድ ከቀረች ነው። ከሄደች ገጹ የእሷ ነው፣ እኔም በስሜ የምጽፈው ነገር አለኝ።› ምን ማለት ነው? አንቺ ገባሽ?»

ገባኝ። ስንት ቀን አስቤ ያቀድኩትን በቀል አዩት፣ አረሙት፣ ዩኒት ጨምረው መለሱልኝ። ገጼን እትዬ አማረች ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። ቂሜ ገና አሁን ነው የጀመረው፤ ለሚቀጥለው ጊፋታም ይተርፋል።

ግን ጫማዬን አድርጌአለሁ። ኦቶና አካባቢ ከሚኖረው ሐኪም የእንስሳት ሐኪም የሆነ ጓደኛውን ስልክ ቁጥር ተቀብያለሁ፤ ስለ ላሟ እንድትጠይቀው እሰጣታለሁ። የምናገረውንም አዘጋጅቼ ነበር፤ አሁን አንዱም ትዝ አይለኝም። «ዳጣ እኔ ነኝ» የሚለው ብቻ ነው የቀረኝ።

ጋሽ ጳውሎስ ማዶ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የቤቴን በር እያዩ ነው። ሬዲዮውን የሚጠግኑ ይመስላሉ። ስለዚህ በጓሮ በኩል ነው የምወጣው። መሄዴን አይዩ፤ እስኪመሽ ይጨነቁ።

እትዬ አማረች ምን እንዳለችኝ ተመልሼ እጽፋለሁ። በሩን ከከፈተችልኝ።